ከውስኪ በርሜል ወደ ቁም ሣጥን
ስለ አንድ የእንጨት ዕቃ ሁለተኛ አገልግሎት

በአማርኛ «በርሜል» የተባለ እንደ ሆነ በአንባቢው አሳብ ቶሎ የሚመጣው፥ ነዳጅ ወይም ዘይት የመጣበት፥ ኋላም ውሃ የሚጠራቀምበት የብረት ዕቃ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን የዚህ ስም ባለቤት ብረት ከመሆኑ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እንጨት ነበረ። በአንደኛው መቶ ዓመት የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ፥ በአልፕ ተራሮች አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ወይናቸውን በቀለበት በታሰረ የእንጨት ዕቃ ያኖሩ እንደ ነበረ ገልጧል። ከዚያ ወዲህ ዱቄቱም፥ ምስማሩም፥ በጨው የታሸው ሥጋና ዓሣም፥ ቢራውና ወይኑም በዚሁ ዕቃ ሲጓጓዝ ኖረ። በ20ኛው መቶ ዓመት ብረትና ካርቶን፥ ኋላም ፕላስቲክ፥ ሥራውን ሁሉ ወሰዱበት፤ የቀረለት በእንጨት ውስጥ መቈየት ግድ የሆነበት መጠጥ ብቻ ነው። ከዚህም አንዱ ውስኪ ነው። የውስኪው በርሜል መጠጥ መያዝ ሲያበቃ ወደ መኖሪያ ቤት ገብቶ ቁም ሣጥን የሚሆንበት አሠራር፥ ስለ ዕቃዎች ሕይወት ለሚመረምር ሰው ጥሩ ምሳሌ ይሰጣል፤ በዚህ መለወጥ ውስጥ የሚጠፋው አንድ ነገር ነው፥ እንዳይጠፋ የሚደከምለት ደግሞ ሌላ ነው።

ቁም ሣጥኑን ለመረዳት አስቀድሞ በርሜሉ በምን እንደ ቆመ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ፥ ይልቁንም በኬንተኪ፥ ቡርቦን የሚባለው ውስኪ የሚኖርበት በርሜል 53 የአሜሪካ ጋሎን፥ ማለት 200 ሊትር ያህል ይይዛል። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ፥ የአፉ ስፋት 53፥ የሆዱ 65 ያህል ነው። ባዶውን ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል፤ ሲሞላ ከ230 ኪሎ ይበልጣል። የሚሠራውም ነጭ ኦክ ከሚባለው ዛፍ በተላጉ ሠላሳ በሚያህሉ ሳንቃዎች ነው። ሳንቃን ከሳንቃ የሚያጣብቅ ሙጫ የለውም፤ የሚያያይዝ ምስማርም የለውም። አጥብቀው የሚይዙት ስድስት የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ ሁለቱ በሁለቱ ጫፎች፥ ሁለቱ ከነርሱ ጥቂት ገባ ብለው፥ ሁለቱ ከሆዱ በላይና በታች ይታሰራሉ።

እያንዳንዱ ሳንቃ ከመካከሉ ሰፋ፥ ወደ ጫፎቹ ጠበብ ያለ ነው፤ ጐኖቹም ወደ በርሜሉ መካከል እንዲያመለክቱ ሆነው በሰያፍ ተልገዋል። ስለዚህ ሳንቃው ከውጭ በኩል ሰፊ፥ ከውስጥ በኩል ጠባብ ነው። በእንፋሎትና በእሳት ተለሳልሶ ሲጐብጥና ቀለበቱ በመዶሻ እየተመታ ሲወርድበት፥ እያንዳንዱ ሳንቃ ጐረቤቱን ይገፋል፥ በጐረቤቱም ይገፋል። ይህ የድንጋይ ቅስት ብልሃት ነው። በቅስት ውስጥ ያለው ድንጋይ የሚቆመው መውደቅ ፈልጎ ቦታ ስላጣ እንደ ሆነ፥ የበርሜልም ሳንቃ የሚቆመው ወደ ውስጥ ለመግባት ጐረቤቶቹ ስለሚከለክሉት፥ ወደ ውጭ ለመውጣትም ብረቱ ስለሚከለክለው ነው። በዚህ ላይ ውስጡ ያለው መጠጥ እንጨቱን አርሶ ስለሚያሳብጠው መጋጠሚያው ይበልጥ ይጠብቃል። እንግዲህ በርሜል በመያያዝ የቆመ ዕቃ ሳይሆን በመገፋፋትና በእርጥበት የቆመ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

ሳንቃዎቹ ከገጠሙ በኋላ፥ ክዳንና መቀመጫው ሳይገባ፥ የውስጡ ግድግዳ በእሳት ነበልባል ይከስላል። እሳቱ የሚቈየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ቢሆንም፥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፥ በጠንካራው ሲቃጠል እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ከሰል ይተዋል። አዲስ የወጣ ውስኪ እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ወርቃማውን መልክና አብዛኛውን ጣዕም የሚያገኘው ከዚህ ከሰልና ከበስተጀርባው ካለው የተጠበሰ እንጨት ነው። ጠላ ጠማቂ እንስራዋን በወይራ ጢስ የምታጥንበትን ምክንያት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዕቃው የመጠጡ ማኖሪያ ብቻ ሳይሆን አንዱ ቅመም ነው። በሙቀት ወራት መጠጡ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፥ በብርድ ይመለሳል። ኋላ በርሜሉ በተቈረጠ ጊዜ፥ ውስኪው ዘልቆ የደረሰበት ልክ በሳንቃው ውፍረት ውስጥ ቀይ መሥመር ሆኖ ይታያል።

ቅመሙ ግን አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በዚያው ብርታት አይመለስም። በአሜሪካ በ1930ዎቹ አጋማሽ የጸናው የመንግሥት ደንብ ቡርቦን በአዲስና በከሰለ የኦክ ዕቃ ውስጥ መኖር እንዳለበት ወሰነ፤ በ1964 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ቡርቦንን የአገሩ ልዩ ምርት አድርጎ አወቀው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደንቡ ለዛፍ ቈራጩና ለበርሜል ሠሪው የማያቋርጥ ሥራ ሰጠ፤ በሌላው በኩል ግን ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችለውን በርሜል ለቡርቦን ባለቤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠቅም ዕቃ አደረገው። ከዚህ የተነሣ ብዙው ወደ ስኮትላንድ ይሻገራል። በዚያ ሕጉ ውስኪው ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲቈይ ያዝዛል እንጂ በርሜሉ አዲስ እንዲሆን አይጠይቅም። እንዲያውም የሰከነው አሮጌ በርሜል ይወደዳል። እዚያ ደጋግሞ ይሞላል፤ ሲደክም ከሰሉ ተፍቆ እንደገና ይከስላል፤ በዚህ ሁኔታ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። በመጨረሻ መጠጡን መያዝ የማይችለው፥ ወይም ከኬንተኪ ሳይሻገር የቀረው፥ ለአትክልተኛና ለዕቃ ሠሪ ይሸጣል። ለሁለት ተሰንጥቆ የአበባ መትከያ መሆኑ ዘወትር የሚታይ ነው፤ ይህ ግን ጥበብ ስለማይጠይቅ እዚህ አያቈየንም።

በርሜል ወደ ቤት ዕቃነት መግባቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ገጠር የዱቄት በርሜል ፊቱ ተቈርጦ ባለ መደገፊያ ወንበር ይሆን ነበረ። ነገር ግን ያ ወንበር በጥጥ ወይም በገለባ ተሞልቶ፥ ላዩ በጨርቅ ተሸፍኖ፥ በርሜል እንደ ነበረ እንዳይታወቅ ይደረግ ነበረ። ባለቤቱ ወንበር የሠራው ከበርሜል ስለ ወደደ ሳይሆን ከመደብር የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ነውና፥ ድኽነቱን ይሸፍነው ነበረ። የዛሬው የበርሜል ቁም ሣጥን ግን በተቃራኒው ነው። የሚገዛው ሌላ ቁም ሣጥን መግዛት ያላቃተው ሰው ነው፤ የሚከፍለውም በርሜልነቱ እንዲታይለት ነው። እንግዲህ ሠሪው ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን እንዲያስማማ ይፈለጋል፤ ዕቃው በርሜል መስሎ እንዲቆም፥ ሆኖም በርሜልን የሚያቆመው ኃይል ሁሉ ከውስጡ እንዲወጣ።

የመጀመሪያው ችግር ድርቀት ነው። በርሜሉ ከእርጥብ መጋዘን ወጥቶ በሚሞቅ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ሳንቃዎቹ በስፋታቸው ይሸማቀቃሉ። ሳንቃው ግንዱ ከመካከል ወደ ልጥ በሚሄደው አቅጣጫ ተሰንጥቆ የተዘጋጀ በመሆኑ መሸማቀቁ በሌላ አሰነጣጠቅ ከሚሆነው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም የሆዱ ዙሪያ ሁለት ሜትር ስለሚሆን ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢቀንስ እንኳ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጐድላል። ያን ጊዜ ቀለበቶቹ ይላላሉ፥ አንድ ቀን በገዛ እጃቸው ወደ ወለል ይወርዳሉ፤ በርሜሉም የሳንቃ ክምር ይሆናል። ይህን የማያውቅ ዐናጢ ትኩስ በርሜል ገዝቶ ወዲያው በር ይቈርጥለታል፤ የሠራውም ቁም ሣጥን ክረምቱን ሳይጨርስ ይፈርሳል። የሚያውቀው ግን በርሜሉን ከፀሐይና ከእሳት አርቆ በጥላ ቀስ እያለ እንዲደርቅ ይተወዋል፤ እንጨቱ በሸሸ ቍጥርም ቀለበቶቹን በመዶሻ እየመታ ወደ ሆዱ ያወርዳል። ይህ በርሜል ሠሪው የሚሠራው ሥራ ራሱ ነው፤ ዐናጢው ሊማረው የሚገባው ከርሱ ነው። በዚህም ጊዜ የውታፉ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ይቈያል። ባዶ የተባለው በርሜል በእንጨቱ ውስጥ ጥቂት ሊትር ውስኪ ይዞ ስለሚቀር፥ ትነቱ ሳይወጣ የእሳት ፍንጣሪ በሚያወጣ መሣሪያ መቍረጥ አደጋ አለው።

ሁለተኛው ችግር የበሩ ነው። በርሜሉ ከመቈረጡ በፊት እያንዳንዱ ሳንቃ በጠመኔ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቀጥሎም በቀለበቶቹ ላይ በየሳንቃው አንጻር ቀዳዳ ተበስቶ ብረቱ ከእንጨቱ ጋር በብሎን ይታሰራል። ሥራው የሚለወጠው በዚህ ሰዓት ነው። እስከዚህ ድረስ በመገፋፋት የቆመው ዕቃ ከእንግዲህ በብሎን ይቆማል። ይህን ያላስቀደመ ሰው መጋዙ የሆዱን ቀለበት በቈረጠ ጊዜ ብረቱ እንደ ተለቀቀ ቀስት ሲፈናጠርና አጠገቡ ያሉት ሳንቃዎች ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ያያል። ጥሩ ሠሪ በሩን የሚያወጣው ከሁለተኛውና ከአምስተኛው ቀለበት መካከል ነው፤ የላይኞቹና የታችኞቹ ሁለት ሁለት ቀለበቶች ሳይነኩ ስለሚቀሩ አፉና መቀመጫው እንደ ቀድሞው ታስረው ይኖራሉ፤ የሚቈረጡት የሆዱ ሁለት ቀለበቶች ብቻ ናቸው። የተቈረጡትም ቁራጮች በበሩ ላይ ይቀራሉ፤ በሩ ሲዘጋ ብረቱ ሳይቋረጥ የዞረ ይመስላል።

የበሩ ወርድ ስድስት ወይም ስምንት ሳንቃ ያህል ነው። ወደ ታች የሚሄደውን ጐን በመጋዝ መሰንጠቅ አያስፈልግም፤ የሁለት ሳንቃ መጋጠሚያ ይበቃል። እዚህ ላይ የቀድሞው በርሜል ሠሪ ሳያስበው ለዐናጢው ውለታ ውሎለታል። መጠጥ እንዳይፈስ ብሎ በሰያፍ የላገው ጐን ከውጭ ሰፊ፥ ከውስጥ ጠባብ ስለሆነ በሩ ወደ ውጭ ሲሳብ ሳይፋተግ ይወጣል፥ ሲመለስም ራሱን አስተካክሎ ይገባል። የሚጋዘው ከላይና ከታች ብቻ ነው። ከበሩ ጀርባ እንደ በርሜሉ ጕብጠት የተቈረጡ ሁለት የእንጨት ቅስቶች ይታሰራሉ፤ ያለ እነርሱ በሩ በሩነቱን ትቶ የሳንቃ ጥቅል ይሆናል።

ማጠፊያውን መግጠም ከሁሉ ያስቸግራል። በር የሚዞረው በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ዙሪያ ነው፤ በርሜል ግን ቀጥ ያለ ጐን የለውም። መፍትሔው ሁለቱን ማጠፊያዎች በሆዱ ሁለት ቀለበቶች ላይ ማድረግ ነው። ሁለቱ ከሆዱ መካከል እኩል ስለሚርቁ የስፋታቸው ልክ አንድ ነው፤ በመካከላቸውም የሚሰመረው መሥመር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሆኖም በሁለቱ መካከል ያለው የበሩ ጠርዝ ከመሥመሩ አልፎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ያብጣልና በሩ ሲከፈት ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ያ ጠርዝ በመላጊያ ጥቂት ይነሣለታል። የዚህ ዓይነቱን ቁም ሣጥን ጥራት ለመለየት የሚፈልግ ሰው ቫርኒሹን ከማየት ይልቅ ይህን ጠርዝ ቢመለከት ይሻለዋል።

የውስጡ መደርደሪያ ክብ ሆኖ ይቈረጣል፤ ከዙሪያው ጋር የሚገጥመውም በጥቂት ክፍተት ነው፥ ሳንቃዎቹ ከወራቱ ጋር ማበጥና መሸሽ አያቋርጡምና። የውጩ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይጠራል፥ በተልባ ዘይት ወይም በቫርኒሽ ይታሻል። በኦክ ውስጥ ያለው ቆዳ የሚለፋበት ዓይነት ንጥረ ነገር ብረትና ውሃ ሲያገኝ እንጨቱን ያጠቍረዋል፤ ከቀለበቶቹ በታች የሚታየው ጥቁር ሰማያዊ ጥላ ከዚህ የመጣ ነው። ሊጠፋ ይችላል፤ የሚያጠፋው ግን ጥቂት ነው።

በዚህ ጥላ ላይ የተጀመረው ምርጫ በሌላውም ቦታ ይቀጥላል። ዝገቱ ይፋቃል ወይስ በዘይት ተሸፍኖ ይቀራል? የውስጡ ከሰል ልብስና ዕቃ ያጠቍራል፤ ሆኖም ብዙ ገዢዎች እንዳይነሣ ይለምናሉ፤ ሠሪውም የላላውን በብሩሽ አራግፎ የቀረውን በቫርኒሽ ያደነድነዋል። የፋብሪካው ስም፥ ተራ ቍጥሩና የተሞላበት ቀን የታተመበት ክዳን ወረቀት አይነካውም። ይህ ጽሕፈት በመጋዘን ውስጥ የሒሳብ ምልክት ብቻ ነበረ፤ በቤት ውስጥ ግን እንደ ትውልድ ማስረጃ ይቈጠራል። በሩ ሲከፈት በተቈረጠው የሳንቃ ጫፍ ላይ ከሰሉ፥ የተጠበሰው እንጨት፥ ቀዩ መሥመር፥ ከዚያም ያልተነካው ነጣ ያለ ኦክ በተርታ ይታያሉ። ለገበያ ሲባል መጠጥ ገብቶበት የማያውቅ በርሜል መሰል ዕቃም ይሠራል፤ ቅርጹን መምሰል ቀላል ነው፥ ቀዩን መሥመር ግን ለማስገኘት በእንጨቱ ውስጥ ውስኪ ዓመታት መቀመጥ አለበት።

የአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ በብረቱ በርሜል ላይ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይጐላል። በዚያ ሙያተኛው የበርሜሉን ክዳንና መቀመጫ በመሮ ቈርጦ ያወጣል፥ ጐኑን ሰንጥቆ ይዘረጋዋል፥ በመዶሻም ጕብጠቱን እየደበደበ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የከሰል ምድጃ ወይም የምጣድ አክንባሎ ይሆናል። በዚህ ሥራ የበርሜሉ ቅርጽ የሚሸነፍ እንቅፋት እንጂ የሚጠበቅ ጌጥ አይደለም። የዘይቱ ኩባንያ ስም የተጻፈበት ቀለም ይፋቃል፥ ካልተፋቀም ምድጃው በተቀጣጠለ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል፤ ገዢዋም ምድጃውን በጣቷ አንኳኵታ የምትመረምረው የብረቱን ውፍረት ነው።