ከቀለሙ ሥር ላለው ሥራ ማን ይክፈል?

ብስክሌቱን በስፕሬይ ያስቀባ ሰው ሁሉ እሮሮው አንድ ነው፤ ቀለሙ ክረምቱን ሳይሻገር ተላጠ። የአዲስ ብስክሌት ዋጋ አልቀመስ ስላለ፣ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ብስክሌት በሚዘወተርባቸው ከተሞች አሮጌውን ማሳደስ ግድ ሆኗል። ለምን ተላጠ ሲባል ደግሞ መልሱ ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ጥሩ ቀለም ጠፍቶ ርካሹ ብቻ ቀረ ይባላል።

ዋጋው መጨመሩ እውነት ነው። የመላጡ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የተላጠውን ቅርፊት አንስታችሁ ገልብጡት። ጀርባው ላይ የዝገት ዱቄት ካለ፣ ብረቱ በብርጭቆ ወረቀት አልተፋቀም ወይም አንቲረስት አልተቀባም። ጀርባው ልስልስና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ አዲሱ ቀለም ያረፈው ባልተሻከረ አሮጌ ቀለም ወይም በቅባት ላይ ነው። በካቴናው አካባቢ ለስልሶ ከተሸበሸበ ደግሞ ካቴናው የሚታጠብበት ቤንዚን ነክቶታል። ተራ የስፕሬይ ቀለም የሚደርቀው ማቅጠኛው ሲተን ነው፤ ቤንዚን ሲያገኘው ተመልሶ ይለሰልሳል። ይህን የሚቋቋመው ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚነፋ ክሊር (ቀለም አልባው የላይኛው ሽፋን) ነው። ጭጋጉ ግን ሳንባ ስለሚጎዳ የጨርቅ ማስክ አይበቃውም። ፍሬሙ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ለአሉሚኒየም የተሠራ ፕራይመር ካልቀደመ የትኛውም ውድ ቀለም አይዘልቅም።

እንግዲህ ቀቢው ወጪ ሲበዛበት ከምኑ ይቀንስ? ቀለሙና ማብረቅረቁ ደንበኛው ቆሞ የሚያያቸው ናቸው፤ አይነኩም። መፋቁ፣ ቅባት ማጽዳቱ፣ አንቲረስቱና በስሱ ደጋግሞ መንፋቱ ከላይኛው ቀለም ሥር ተደብቀው ይቀራሉ። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመውና በኋላ ለኖቤል ባበቃው ጽሑፉ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚከፍለው አንድ ዋጋ ነው፤ ጥሩ የሚሠራው ደግሞ በዚያ ዋጋ ከስሮ ከገበያ ይወጣል። ብዙ የጥራት መጓደላችን ከዚህ የሚነሳ ይመስለኛል፤ የምንዛሪው ለውጥ አባባሰው እንጂ አልፈጠረውም።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ጊዜ ነው። ስፕሬይ በግማሽ ሰዓት ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ እስኪጠነክር ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። በጠባብ ሱቅ ተሰቅሎ የሚከርም ፍሬም የሚቀጥለውን ደንበኛ ቦታ ይይዛል፤ ገንዘቡም የሚመጣው ብስክሌቱ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ማድረቂያው ጊዜ ለቀቢው የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ነው። ካፒታል የሌለው ቀቢ ገና ያልጠነከረውን ቀለም ያስረክባል፤ የመጀመሪያው ብሎን ሲጠብቅ ቀለሙ ተጨፍልቆ ይላጣል።

የዋጋ ግሽበት አሃዝም ይህን የጥራት መጓደል ያያል ብዬ አላምንም። መረጃ ሰብሳቢ ዋጋ ይመዘግባል፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ፍሬሙን አይዳስስም። ለምሳሌ 1,000 ብር ተከፍሎበት አራት ዓመት የሚቆይ ቀለም በዓመት 250 ብር ነው። በዚያው 1,000 ብር የተሠራው ስድስት ወር ብቻ ከቆየ በዓመት 2,000 ብር ሆነ፤ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። በመዝገቡ ግን ዋጋው አልተነቃነቀም። የጫማ ሶልም የግድግዳ ቀለምም ስሌቱ ይኸው ነው፤ የኑሮ ውድነቱ ከሚነገረው በላይ የሚሰማንም ለዚህ ይመስለኛል።

የቀለም አስመጪውን መቆጣጠር ብቻውን ይህን ችግር አይፈታም። የሚፈታው የአከፋፈሉ ሥርዓት ነው። ፍሬሙ ተፍቆ አንቲረስት ከመቀባቱ በፊት ደንበኛው ሄዶ ይየው ወይም ፎቶው በስልክ ይላክለት፤ የዋጋው የመጀመሪያ ሲሶም በዚያን ጊዜ ይከፈል። ያ ገንዘብ ፍሬሙ ተሰቅሎ ለሚከርምበት ሳምንት ካፒታል ይሆናል። ሁለተኛው ሲሶ በርክክብ ጊዜ ይከፈል፤ የቀረው ሲሶ ደግሞ ብስክሌቱ ዝናብ ካየ በኋላ።