ያውቁ ኖሯል? ሕፃኑ በራሱ እጅ ሲበላ

እንጅባራ ላይ ድንች ለምን ቶሎ እንደማይበስል ያውቁ ኖሯል? ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። አዋቂ ጥርስ አለው፣ ይችለዋል። ለሕፃን የሚሰጥ ድንች ግን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲጫኑት መፍረስ አለበትና ድስቱን ጥቂት ይታገሡት።

አብዛኞቹ ሕፃናት 8 ወር ሲሞላቸው ምግብ በእጃቸው ይዘው መብላት እንደሚችሉ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በእጃችን የምንበላ ሰዎች ልጃችንን ግን አጥሚት ስንግት መክረማችን ሁሌም ይገርመኛል።

የመጀመሪያው ቁራሽ የአዋቂ ጣት ያህል ቢረዝም ይመረጣል። ሕፃን መጀመሪያ የሚጨብጠው በሙሉ መዳፉ ነው፤ የሚበላውም ከጭብጡ ወጣ ያለውን ብቻ። በ9 ወር ገደማ በሁለት ጣት ማንሳት ሲለምድ ቁራሹ ያንሳል።

ፊቱን አጨማደደ ማለት ጠላው ማለት አይደለም። ሰው ሲወለድ ጣፋጭ ወዳድ፣ መራራ ሸሽ ነው። አንድን አዲስ ምግብ ለመልመድ 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙዎቻችን በሦስተኛው ተስፋ እንቆርጣለን። ትምህርቱ የሚጀምረው ደግሞ በማኅፀን ነው፦ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች የካሮት ጣዕም ያለውን ገንፎ በቀላሉ ተቀብለውታል።

መራራን ካነሣን ግብጦ አለ። የዳንግላ ሰው ግብጦን ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ ለቀናት ውሃ ውስጥ ካልከረመ አይነካውም፤ ምሬቱ የሚመጣው አልካሎይድ ከተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ነውና። ምሬቱ ቢወጣለትም ፍሬው እንደ ቆሎና ኦቾሎኒ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ስለሚችል 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም።

የአዊ ማር የቱንም ያህል ቢጥም ከ1 ዓመት በታች ክልክል ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል፤ ጣት ነክሮ ማስላስም ያው ነው።

የተቀቀለ ዱባ ላይ ጥቂት ቅቤ ጣል ማድረግ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ዱባውን ብርቱካናማ ያደረገው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ቫይታሚን ኤ ይሆናል፤ በደንብ የሚሰርገው ደግሞ ከቅባት ጋር ነው።

ዛላው የልጅ ጣት የሚመስለው ዳጉሳ በካልሲየም ከእህሎች ሁሉ ይበልጣል። ለስላሳ እንጀራው ተጠቅልሎ ለትንሽ እጅ ይመቻል።

በ2016 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በቂ ዓይነት ምግብ ያገኙት ከ100 14ቱ ብቻ ነበሩ። አንዱ ሰበብ በጾም ወቅት ለልጁ እንቁላል ቢሠራ «ዕቃው ይነካካል» የሚለው ሥጋት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። ለእንቁላሉ አንዲት ትንሽ ድስት ብትለይ ጣጣው ያልቃል።