የፔጆ 404 ብርታትና ድካም

ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 በፈረንሳይ ለገበያ የቀረበ፣ ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ ታስቦ የተሠራ ባለ አራት በር አውቶሞቢል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በተለይም በሐረርና በድሬዳዋ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ በታክሲነት ለብዙ ዓሥርት ዓመታት አገልግሏል። ለቤተሰብ የተሠራ መኪና ለዚህ ሁሉ ጊዜ የሕዝብ ማመላለሻን ሸክም መቻሉ በሚገባ ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው።

መኪናው በዚህ አካባቢ ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የድሬዳዋው ከዚራ ባቡሩ የወለደው ሰፈር ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ደጫቱ ወንዝ አጠገብ ሲደርስ፣ የባቡሩ ኩባንያ ጎዳናዎቹን ቀጥ አድርጎ ቀይሶ፣ ዛፍ አስተክሎ፣ የሠራተኞቹን ቤቶች ሠራበት፤ የጥገና ወርክሾፑንም በዚያው አቋቋመ። ስለዚህ ድሬዳዋ ከጅምሯ የፈረንሳይ ዕቃ የሚገባባት በር ከመሆኗም በላይ፣ ብረት ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ የእጅ ባለሙያ የሚፈልቅባት ከተማ ሆናለች፤ ለፔጆ ዕድሜ መርዘም ይበልጥ የጠቀመውም ይህ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

የአካሉን ቅርጽ የነደፈው የጣልያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ይኸው ድርጅት በዚያው ዘመን የእንግሊዞቹን የቤተሰብ መኪኖች፣ ኦስቲን ካምብሪጅንና ሞሪስ ኦክስፎርድን፣ ስለነደፈ፣ የኋላ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለው ሦስቱ መኪኖች ከሩቅ ሲታዩ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። የሞተራቸው መጠንም ተቀራራቢ ነው፤ የእንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ 1622፣ የፔጆው 1618 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነበር። ዋናው ልዩነት ያለው ከሥር ነው። እንግሊዞቹ የመኪናውን የኋላ ክፍል በባልስትራ፣ ማለትም በተደራረበ የብረት ዝርግ ላይ ሲያሳርፉት፣ ፔጆ በአራቱም ጎማ ላይ ጥምዝ ሞላ ተጠቅሟል፤ ሞላው በቂ ርቀት ወርዶ ስለሚመለስ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ተሳፋሪው እምብዛም አይንገላታም። ይህ መኪና በሻካራ መንገዱ የታወቀውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ማሸነፉም ለጥንካሬው በቂ ምስክር ነው።

ኮፈኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ ቀጥ ብሎ አለመቆሙ ነው፤ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሟል፤ በዚህም የኮፈኑ ከፍታና የመኪናው ክብደት መሐል ዝቅ ሊሉ ችለዋል። ለጋራዥ ሰው ግን ከዚህ የሚበልጠው የካሚቻው ነገር ነው። ካሚቻ ፒስቶን የሚመላለስበት ሲሊንደራዊ እጅጌ ሲሆን፣ በፔጆ ሞተር ውስጥ ዙሪያውን ውኃ እየነካው ለብቻው ተሰክቶ ይቀመጣል፤ ሲያልቅ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል፣ የሞተሩ ብሎክም መቦረቦር ሳያስፈልገው ይታደሳል። መካኒኩ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አንሥቶ፣ አራቱን ካሚቻ አውጥቶ፣ አዲሱን ከነፒስቶኑ ሲከት ሞተሩ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ባትሪ ሲደክምም በማኖቬላ፣ ማለትም በእጅ በሚዞር ብረት፣ ማስነሣት ይቻላል።

የመኪናው ትልቁ ብርታትና ትልቁ ድካም አንድ ቦታ ላይ የተገናኙት በዲፍረንሻሉ ነው። ዲፍረንሻል የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል ክፍል ሲሆን፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ውስጥ ሁለት የብረት ጥርሶች ይሠሩበታል፤ በፔጆ 404 ግን እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ብረት ከነሐስ የተሠራ ጥርስን ያዞራል። አሠራሩ ድምፁ ዝቅተኛ፣ ዕድሜውም እጅግ ረጅም ነው። ይሁን እንጂ በነሐሱና በብረቱ መካከል ያለው መፋተግ ብርቱ ስለሆነ የሚፈልገው ዘይት የተለየ ነው፤ ፋብሪካው ያዘዘለት ከጉሎ የተዘጋጀ ዘይት ነበር። ለሌላ ዲፍረንሻል የሚሸጠው፣ ድኝ ያለበት ዘይት ነሐሱን ቀስ በቀስ ስለሚበላው፣ ባለማወቅ የተጨመረ ዘይት ለዕድሜ ልክ የተሠራውን ዕቃ በአጭር ጊዜ ያበላሻል።

ሌላው ፈተና ሙቀት ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣ መኪና ከ1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ተነሥቶ ሐረር ሲደርስ ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የራዲያተሩ ማራገቢያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚዞር ሳይሆን ውኃው ሲሞቅ ብቻ በማግኔት የሚያያዝ ነው፤ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ነገር ግን የኤሌክትሪክ መገናኛው ሲያረጅ ዳገት ላይ ሳይነሣ ይቀራል። ቴስታታው አሉሚኒየም በመሆኑ ያለ ልክ ከሞቀ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። በዚህ የተነሣ ማራገቢያውን ሁልጊዜ እንዲዞር አድርጎ ማሰር ለድሬዳዋ አየር የተሻለው ምርጫ ነው፤ የሚባክነው ነዳጅ ዋጋ ከአንድ ቴስታታ ዋጋ አይበልጥም።

ከሁሉ ይልቅ በግልጽ መነገር ያለበት ግን የፍሬኑ ጉዳይ ነው። ከምርቱ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በአራቱም ጎማ ላይ የነበረው የከበሮ ፍሬን ነው፤ ይህም ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይዳከማል፣ የደንገጎ ቁልቁለት ደግሞ ይህን የሚፈትን ነው። የደኅንነት ቀበቶና ግጭትን የሚውጥ አካልም የዘመኑ መኪና ባሕርይ አልነበሩም። ተሳፋሪ የሚያምነው መኪና ለመሆኑ ባይካድም፣ ጥንካሬና ደኅንነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዝገት በብዙ ቦታ የዚህን መኪና ወለል በልቶ ከመንገድ ያስወጣው ሲሆን፣ የድሬዳዋ ደረቅ አየር ላሜራውን አድኖታል። ምርቱ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1975 ከተቋረጠ ወዲህ፣ በኬንያ ለዓመታት መገጣጠሙ ቢቀጥልም፣ መለዋወጫ የሚገኘው በአብዛኛው ከቆሙ መኪኖች ላይ እየተፈታ ነው። በከተማው ውስጥ አጭሩን ጉዞ ባጃጅ ወስዶታል። ለቀሩት ፔጆዎች ላሜራውን ባትላሜራ ያቀናዋል፣ ካሚቻውም ይታደሳል፤ ለመተካት የሚከብደው ያ የነሐስ ጥርስ ነው።