ያገለገለ ላፕቶፕ በካርቱም

ካርቱም ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛው ገንዘብ ያጠረው ሰው ብቻ አልነበረም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ከጣለች በኋላ እንደ ዴልና ኤችፒ ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዕቃቸውን በቀጥታ ወደ አገሪቱ መላክ ተከለከሉ። ኮምፒውተር የሚገባው በሦስተኛ አገር፣ በተለይም በዱባይ በኩል ሆነ። አዲሱም አሮጌውም በነጋዴ እጅ አልፎ ነበር መሀል ከተማ ሱቅ አል-አረቢ የሚደርሰው። የፋብሪካ ዋስትና ስለማይታሰብ ገዢው የሚተማመነው በራሱ ዓይንና በሚያውቀው ጠጋኝ ነበር።

ማዕቀቡ ሶፍትዌሩንም አልማረም። ነጻ ፕሮግራሞች የሚገኙበት ሶርስፎርጅ በ2010 ከሱዳን የሚገቡ ተጠቃሚዎችን ዘጋ፤ በ2014 ደግሞ በኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጠው ኮርሴራ የሱዳን ተማሪዎችን አገደ። አሜሪካ ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ ኮምፒውተሮችና ፕሮግራሞች እንዲገቡ የፈቀደችው በ2015 ነው፤ የንግድ ማዕቀቡ የተነሳው በኦክቶበር 2017። ሃያ ዓመት ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት የተማረ ወጣት አሮጌ ማሽን አድሶ ማሠራትን የተማረው ወዶ ብቻ አይደለም፤ ግን ተምሮታል፤ ትምህርቱም ለአዲስ አበባም ሆነ ለጎንደር ገዢ ይጠቅማል።

አሮጌ ሁሉ አንድ አይደለም። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ላፕቶፖቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይቀይራሉ። ከዚያ የሚወጡት ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲዩድና ኤችፒ ኢሊትቡክ ለቢሮ ሥራ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ የብዙዎቹ የታች ክዳን በብሎን ይፈታል፣ መለዋወጫም ይገኝላቸዋል። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጥ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ ይልቅ እነዚህ ይመረጣሉ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ነገ ልጨምርበት ቢሉ አይቻልም።

ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ሲል ገዢው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር መጠየቅ አለበት። 3320 ከሆነ ሦስተኛ ጀነሬሽን፣ የ2012 ሥሪት ነው፤ 8250 ከሆነ ስምንተኛ ጀነሬሽን፣ የ2017 ነው። ሁለቱም «ኮር አይ 5» ይባላሉ፤ የመጀመሪያው ግን ሁለት ኮር፣ ሁለተኛው አራት ኮር አለው። ልዩነቱ ሌላም ትርጉም አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቂቱ በቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያሉትን አይቀበልም። በዘዴ ተጭኖ ቢሠራም ኩባንያው ኃላፊነት አይወስድበትም። ስለዚህ ሰባተኛና ከዚያ በታች የሆነ ማሽን የሚገዛ ሰው ዋጋውን በዚያው ልክ ይደራደር፤ ከዚያም እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ነጻ ሲስተም ይጫንበት። አማርኛም ዓረብኛም ይጻፍበታል፣ ደብዳቤና የሒሳብ ሠንጠረዥ ይሠራበታል፣ ዝማኔውም በነጻ ይመጣል። ስምንት ጊጋ ራም ካለውና የድሮው ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ከተቀየረ ዐሥር ዓመት ያለፈው ማሽን ለተማሪ ሥራ አያንስም። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ እንደ ኤስኤስዲ ዋጋውን የሚመልስ የለም።

የካርቱም አየር ግን ለማንኛውም ላፕቶፕ ጠላት ነው። ብዙ አምራቾች ማሽናቸው እንዲሠራ የሚመክሩት የአካባቢው ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳያልፍ ነው፤ በካርቱም የግንቦት ቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚህ ላይ ሰማዩን የሚያጨልመው የሀቡብ አቧራ አለ። ደቃቁ አሸዋ በማራገቢያው በኩል ገብቶ በሙቀት ማስወጫው ክንፎች መካከል ይጋገራል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ባለቤቱም «አርጅቷል» ብሎ ይጥለዋል። ክዳኑን ፈትቶ ማጽዳትና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የሙቀት ቅባት መቀየር ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል። ባትሪ ግን ሙቀት አንዴ ከጎዳው አይመለስም። ሞልቶ በጋለ ክፍል ውስጥ ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪ ቶሎ ይሞታል፤ ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ቻርጁ 80 በመቶ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ማስተካከያ ስላላቸው እሱን ማብራት ይበጃል። ያበጠ ባትሪ ያለው ማሽን በምንም ዋጋ አይገዛም፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ፈነዳ። ሱቅ አል-አረቢ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ ከተማዋ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎች በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ከየቤቱ የተዘረፈው ዕቃና ኤሌክትሮኒክስ በአደባባይ የሚሸጥባቸው ቦታዎች በፈጥኖ ደራሹ አዛዥ ስም «የዳጋሎ ገበያ» ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ላገለገለ ላፕቶፕ ገዢ ከፕሮሰሰሩም ከባትሪውም የሚቀድም ጥያቄ መጥቷል፤ ማሽኑ የማን ነበር?

ጥያቄው የሕሊና ብቻ አይደለም። በሜይ 2023 በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሽር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሏል። ወረቀቱ አመድ በሆነበት አገር የአንድ መምህር ጥናት ወይም የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የቀረው በተዘረፈ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሌባና ደላላ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፎርማት ማድረግ ነው።

ስለዚህ የትም ቢሆን ሻጩ ማሽኑን ከፊትዎ ይክፈተው፤ የይለፍ ቃሉን ራሱ ያስገባ። ሲነሳ የባዮስ ይለፍ ቃል የሚጠይቅ ወይም የድርጅት መቆለፊያ የሚያሳይ ከሆነ ይተውት። ከጀርባው ያለው ሴሪያል ቁጥር ተፍቆ ከሆነም እንዲሁ። ደረሰኝ ባይኖር እንኳ የሻጩ ስም፣ ስልክና ሴሪያል ቁጥሩ ያለበት፣ የተፈረመበት ወረቀት ይያዙ። የሌላ ሰው ስም በመግቢያው ስክሪን ላይ የሚታይ ላፕቶፕ ሳያውቁ ከገዙ ደግሞ ፎርማት አያድርጉት፤ አስቀድመው በዚያ ስም ባለቤቱን ይፈልጉ።