ግድግዳ ከግድግዳ የሚጋጠምበት ነጥብ

በወላይታ ሶዶ ዋና መንገድ ዳር የሚነሣ ፎቅም ሆነ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ማዕከል በሃላሌ የሚሠራ ቢሮ አሠራሩ ብዙም አይለያይም። ኮለንና ቢሙ በአርማታ ይቆማል፣ መሃሉ በብሎኬት ይሞላል፣ ከውስጥም ከውጭም ይለሰናል። ንድፉን በሪቪት ወይም በአርኪካድ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ አርክቴክት ግን ግድግዳውን በመስመር አይሥለውም፤ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያቆመዋል። የቆመው ግድግዳ ደግሞ ሌላ ግድግዳ በነካ ቁጥር ማንም ሳያዘው ይጋጠማል።

በተለመደው የኦቶካድ አሣሣል ግድግዳ ማለት ሁለት ትይዩ መስመር ነው፤ ማዕዘኑን የሚያጸዳው ሣዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ ላይ የዋለውና ከሁለት ዓመት በኋላ አውቶዴስክ የገዛው ሪቪት ግን የግድግዳውን ውፍረትና ንብርብር ያውቃል። በርም ያለ ግድግዳ አያስገባም። በሩ ሲገባ ቀዳዳው ራሱ ይከፈታል፣ ግድግዳው ሲገፋ በሩ አብሮ ይሄዳል፣ ግድግዳው ሲሰረዝ አብሮ ይጠፋል። ይህ የብዙ ሰዓት ድካም ያስቀራል። ሆኖም ፕሮግራሙ የሚያየው ሁለቱ ጫፎች መነካካታቸውን ብቻ ነው፤ በግንባታው ቦታ መገናኘት ይገባቸው እንደሆነ የሚያውቀው ባለሙያው ነው።

ረጅም ሕንፃ ለሁለት ተከፍሎ በመሃሉ ጠባብ ክፍተት ሲተውለት እናስብ። ክፍተቱ ግንባታው በሙቀት ሲለጠጥና ሲኮማተር፣ መሬትም ሲንቀጠቀጥ፣ ሁለቱ ክፍሎች እንዳይጓተቱና እንዳይጋጩ ነው። ወላይታ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለ አገር ስለሆነ ይህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሪቪት የሁለቱን ክፍሎች ጫፍ ስቦ ካጋጠመ፣ መሐንዲሱ ያሰበው ክፍተት ከፕላኑ ላይ ይጠፋል። የቆየ የጭቃ ቤት ላይ የብሎኬት ክፍል ሲቀጠልም ያው ነው፤ ጭቃና ብሎኬት በአንድ አይያያዙም፣ ሥዕሉ ግን አንድ አድርጎ ሊያሳያቸው ይችላል።

በሪቪት መፍትሔው ቀላል ነው። ግድግዳው ይመረጣል፣ ጫፉ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ነጥብ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ትነካለች፣ መጋጠም የሚከለክለው ትእዛዝ ይሰጣል። ሐሳብ ሲለወጥ በዚያው ነጥብ መልሶ መፍቀድ ይቻላል። ክልከላው ያለ ቦታው ሲገባ ግን ለስሕተት ያጋልጣል። በመሃል መስመራቸው የተለኩ ሁለት የ20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳዎች ማዕዘን ላይ ሲገናኙ የሁለቱም ጫፍ ቢከለከል፣ በውጭው በኩል 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ጎድሎ ይቀራል፤ በውስጥ በኩል ያንኑ ያህል ይደራረባል። የብሎኬቱን ልኬት ከሞዴሉ የሚያወጣ ሰው የተዛባ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

ተጋጥሞ እያለም ቅርጹን መምረጥ ይቻላል። አንዱ ግድግዳ አልፎ ሌላው እሱ ላይ ይቆማል፣ ወይም ሁለቱ በሰያፍ ይከፈላሉ። ለብሎኬት የምመርጠው ፊተኛውን ነው፤ ግንበኛ ማዕዘኑን ረድፍ በረድፍ እያፈራረቀ ያሳልፋል እንጂ ብሎኬት በሰያፍ ሲቆርጥ አይውልም።

ንብርብሮቹም ተራ አላቸው። ሪቪት ለንብርብሮቹ እንደ ሥራቸው ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣል፤ 1 ቁጥር ተሸካሚው አካል ነው፣ ሲጋጠሙም ልስኑን አቋርጦ ያልፋል። የሃንጋሪው ግራፊሶፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አርኪካድ 17 ደግሞ ቅድሚያውን ለራሱ ለግንባታ ዕቃው ሰጠው። አርማታ ከብሎኬት፣ ብሎኬት ከልስን ከፍ ያለ ቁጥር ከያዘ፣ ኮለኑ ብሎኬቱን፣ ብሎኬቱ ልስኑን ይቆርጣል። ይህ አሠራር ለእኛ አገር ሕንፃ በጣም ይስማማል።

በሩ ጋ ሲደረስ ጉዳዩ የሴንቲ ሜትር ይሆናል። የላሜራ በር ሲተከል ልስኑ በቀዳዳው ጠርዝ ታጥፎ እስከ መቃኑ ይገባል። በሪቪት ግድግዳው ሲዘጋጅ ልስኑ በበርና በመስኮት ቀዳዳ ላይ በውስጥ፣ በውጭ ወይም በሁለቱም በኩል እንዲታጠፍ ማዘዝ ይቻላል፤ በሩም የራሱ ትእዛዝ ሊኖረው ይችላል። ልስኑን እንደ ተለየ ቀጭን ግድግዳ አድርገው የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ በሩ ብሎኬቱን ቀዶ ልስኑን እንዳለ ሲተወው ያያሉ። ሁለቱን ግድግዳዎች በማያያዣው ትእዛዝ ሲያገናኟቸው ቀዳዳው በሁለቱም ያልፋል። የልስኑ መታጠፍ የሚታየው በፕላን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከበሩ በላይ ያለውን ጉበን የሚያሳየው ቁርጥ ሥዕል ልስኑ ለብቻው ሊጨመርለት ይገባል።