«ቢሮ ነው የምትሠራው»

እናቴ ሰርግ ቤትም ሆነ ልቅሶ ቤት «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ተብላ ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፤ «ቢሮ ነው የምትሠራው»። ወንድሜ መምህር ነው፤ እህቴ ነርስ ናት። የእነሱ ሙያ በአንድ ቃል ያልቃል። የእኔ ግን «በአማካሪ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት አስተባባሪ» የሚል ረጅም ነገር ነው። እማዬ አንድ ቀን ልትለው ሞክራ መሃል ላይ ጠፋባትና «ብቻ ስልክ ታነሳለች» ብላ ጨረሰችው።

አልተቀየምኳትም። የሥራዬ ግማሹ ስልክ ነው። የቀረውን ግማሽ ለማስረዳት ግን ባለፈው ጥቅምት ያሳለፍኩትን አንድ ረቡዕ ልንገራችሁ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጆቹን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ላይ አሳፍሬ ከአያት ወደ መገናኛ፣ ከዚያ ወደ ቦሌ በታክሲ እሄዳለሁ። እማዬ አብራን ብትኖርም በዚያ ሰዓት ኪዳን ስለምትሄድ ጠዋት ጠዋት አንገናኝም። ቢሮ የምገባው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ድርጅታችን የሒሳብ፣ የግብርና የአስተዳደር ምክር ይሰጣል። ደንበኞቻችን ነጋዴዎች፣ አስመጪዎች፣ ትምህርት ቤቶችና ጥቂት የውጭ ድርጅቶች ናቸው። ሒሳቡን የሚሠሩት ባለሙያዎቹ ናቸው። የእኔ ድርሻ ደንበኛው ሰነዱን በጊዜ እንዲያመጣ፣ ባለሙያው በተባለው ቀን እንዲጨርስ፣ በመሃል የተባባሉት ነገር እንዳይረሳ ማድረግ ነው።

ቡና ሳልጠጣ የምከፍተው አንድ ሰንጠረዥ አለ። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ ይላል። ተጨማሪ እሴት ታክስና የሠራተኞች የደመወዝ ግብር በየወሩ ይታወቃሉ። ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚዋጣው ጡረታም በየወሩ ነው። ከሁሉም የሚያስጨንቀው ዓመታዊው የንግድ ትርፍ ግብር ነው። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 አሳውቀው መክፈል አለባቸው። ቀኑ ካለፈ ቅጣትና ወለድ ይከተላል። ስለዚህ ጥቅምት ለእኛ ቢሮ እንደ በዓል ዋዜማ ገበያ ነው።

የዚያን ቀን መጀመሪያ የደወልኩት መርካቶ ለሚነግዱ አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን ነበር። ደረሰኞቻቸውን የሚያስቀምጡት በፌስታል ነው። ሦስት ጊዜ «ነገ አመጣዋለሁ የኔ ልጅ» ብለውኛል። «ዘገዩ» ብላቸው ይከፋቸዋል። «ጋሼ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ጉልበታቸው ከተጫወትን በኋላ «ታዲያ ለምን ይመላለሳሉ? ልጁን በሞተር ልላክልዎ» አልኳቸው። 4 ሰዓት ላይ ፌስታሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ወጪው በትክክል ወጥቶ ደረሰኝ ከሌለው ግን ግብር ሲሰላ አይያዝላቸውም፤ ፌስታሉ ለእሳቸው ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ ቀጠሮ ማስተካከል ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የውጭ ዜጋና አንድ የአገራችን ነጋዴን «9 ሰዓት» ብዬ ቀጥሬያቸው ነበር። አንደኛው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጥቶ ሄደ፤ ሌላው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መጥቶ ባዶ ወንበር ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱንም ቀኑንም በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሁለቱም ወገን እንዳነበበው ደውዬ ሳላረጋግጥ ደግሞ አልተኛም።

ምሳ ላይ ምሳ ዕቃችንን ከፍተን ሽሮና ጎመን ተካፈልን። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ተቆጥተው ደወሉ። ከግብር ቢሮ ደብዳቤ ደርሷቸው የሚያስረዳቸው ሰው አጥተዋል። እኔ የግብር ባለሙያ አይደለሁም። «አይዞዎት፣ ዛሬ ያልቃል» ማለት ቀላል ነበር፤ ግን በማላውቀው ነገር ተስፋ አልሰጥም። «ባለሙያው እስከ 10 ሰዓት ይደውልልዎታል» አልኳቸውና 15 ደቂቃ ሲቀረው ሄጄ ባለሙያው ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። ደወለላቸው።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ ለአንዲት ደንበኛ የነገውን ቀጠሮዋን እያስታወስኩ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ። አብሮ የወጣው የእማዬ የዓይን ክትትል ካርድ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት 4 ሰዓት ይላል።

እማዬ ግላኮማ አለባት። ከሁለት ሳምንት በፊት «አንቺ ያዢልኝ» ብላ የሰጠችኝን ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ጥዬው ከነመኖሩም ረስቼዋለሁ። ሐኪሟ ደጋግመው ነግረውናል፤ ግላኮማ ሳያምም ቀስ በቀስ እይታ ይወስዳል፣ የወሰደውን ደግሞ አይመልስም። ሊደረግ የሚቻለው በጠብታና በክትትል የዓይን ግፊቱን መቆጣጠር ነው።

ወዲያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቀጠሮሽ!»

«አውቃለሁ። ነጠላዬን ለብሼ በረንዳ ላይ ስጠብቅሽ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ሰው እያናገርሽ ይሆናል ብዬ ነዋ።»

የምመልሰው አጣሁ። ጠዋት ለመርካቶው ሽማግሌ ጉልበት ስጨነቅ እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነበር። የማላውቀውን ሰው «ነገ አይርሱ» ብሎ ማስታወስ ደመወዝ ይከፈለኛል። እማዬ ግን ቅር ብሎት ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ ደንበኛ አይደለችም። ለካ ያስረሳኝ እሱ ነው። የማትሄደዋን ሰው በልቤ እይዛታለሁ ብዬ ሳልጽፋት ቀረሁ።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ወሰድኳት። ተራ ጠብቀን በትርፍ አስገቡን። የግራ ዓይኗ ግፊት ከፍ ብሏል። ሲጠየቅ ጠብታው ካለቀ አምስት ቀን ሆኖታል፤ «ለቀጠሮው ስንሄድ ይጻፍልኛል» ብላ ዝም ብላ ነበር። ሌላ ጠብታ ታዘዘላት፤ የእይታዋ ስፋት በሚቀጥለው ወር ይለካል። የጎደለ ነገር መኖሩን ያን ጊዜ እናያለን።

ቢሮ ስመለስ ሰንጠረዡን ከፍቼ አዲስ መስመር ጨመርኩ። ማን፦ እማዬ። ምን፦ ዓይን። እስከ መቼ፦ ቀኑና ሰዓቱ። ከሥሩም ጠብታዋ የሚያልቅበትን ቀን ጻፍኩ። አጠገቤ ያለችው ልጅ አየችና «አዲስ ደንበኛ ነው እንዴ?» አለችኝ። «የቆየች ናት» አልኳት።

እንደ እኔ ለሰው ስትሯሯጡ የምትውሉ ልጆች፣ የወላጆቻችሁን ካርድ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ። የሥራችሁን ቀጠሮ በምትጽፉበት ቦታ ጻፉት። እናቶችና አባቶችም እባካችሁ ደውሉ። ሰው እያናገርን ቢሆን እንኳ እናነሳለን።

ባለፈው እሁድ እድር ላይ አንዲት ጎረቤት እንደተለመደው «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» አለቻት። እማዬ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። «ለሰው ቀጠሮ ታስታውሳለች» አለች። ከዚያም ቡናዋን ፉት ብላ «አሁን አሁን ለእኔም» ብላ ጨመረች።