ለትልቅ ጎማ ሲባል የሚቆረጥ ፓራፋንጎ፦ ከመቁረጡ በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ጥያቄዎች

ለመስክ ሥራ የሚሰማሩ ተሽከርካሪዎች በክረምት ወራት ከሚገጥሟቸው ችግሮች አንዱ ጎማቸው በሠራው ቦይ ውስጥ ሰምጠው፣ ሆዳቸው መሬት ነክቶ መቆማቸው ነው። ለዚህ ችግር በመፍትሔነት አዘውትሮ የሚነሳው ሐሳብ ከፋብሪካው ከመጣው የሚበልጥ ጎማ መግጠም ነው። ይሁን እንጂ ትልቁ ጎማ ለትንሹ ጎማ ተለክቶ በተሠራው ሥፍራ ውስጥ እንደልቡ ሊዞር አይችልም። መሪ ሲጠመዘዝ ወይም መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ከላሜራው ጋር ይፋተጋል። በመሆኑም የፓራፋንጎውን ጠርዝ መቁረጥ የግድ ይሆናል።

ሥራው ከውጭ ሲታይ የግማሽ ቀን የላሜራ ሥራ ይመስላል። በተግባር ግን የተሽከርካሪውን ፍሬን፣ የፍጥነት መለኪያ፣ የነዳጅ ሒሳብና ሕጋዊ ብቁነት የሚነካ ውሳኔ ነው። ስለሆነም የዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብለት የሥራ ኃላፊም ሆነ የስምሪት ባለሙያ የሥራውን ምንነት ማወቁ ይጠቅመዋል።

ትልቅ ጎማ ለምን ይፈለጋል?

የመኪናን አካል ከመሬት ከፍ ለማድረግ ረዘም ያለ ሞላ ወይም ባሌስትራ መግጠም የተለመደ ዘዴ ነው። ዘዴው ሻንሲውንና የላይኛውን አካል ከፍ ያደርጋል። የኋለኛው ዲፈረንሻል ግን ከጎማዎቹ ጋር በአንድ አክስል የተያያዘ በመሆኑ ሞላው ምንም ያህል ቢረዝም ከነበረበት ከፍታ አይነሳም። ዲፈረንሻሉን ከድንጋይና ከጭቃ የሚያርቀው የጎማው መጠን ማደግ ብቻ ነው።

ጥቅሙን በስሌት ማየት ይቻላል። በበርካታ የመስክ ፒክአፖች ላይ የሚገኘውን 265/65R17 ጎማ ለአብነት እንውሰድ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 65 የጎማው ግድግዳ ቁመት ከስፋቱ ያለውን መቶኛ ድርሻ፣ 17 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል። ጠቅላላ ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ጎማ በ285/70R17 ቢተካ ዲያሜትሩ ወደ 831 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ልዩነቱ 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ለዲፈረንሻሉ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም 27 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከሦስት ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ለዚህ ትርፍ ሲባል ምን እንደሚከፈል ማስላት ከውሳኔው በፊት ሊቀድም ይገባል።

የሚቆረጠው የት ነው?

ጎማው የሚነካባቸው ቦታዎች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። ከፊት በኩል የፓራውልቱ የታችኛው ማዕዘን፣ የፓራፋንጎው የኋላ የታች ጠርዝ፣ የፕላስቲክ ሽፋኑ እንዲሁም ከበሩ እግር ሥር ያለው የላሜራ መጋጠሚያ ይነካሉ። ቸርኬው ከፋብሪካው ይበልጥ ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ጎማው ሲጠመዘዝ ሰፋ ያለ ቅስት ስለሚሠራ ንክኪው ይባባሳል።

የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ አንድ አይደሉም። የፊተኛው በብሎን የታሰረ በመሆኑ ቢበላሽ ተፈትቶ በሌላ ሊተካ ይችላል። የኋለኛው በአንጻሩ በብዙ መኪኖች ላይ የአካሉ ክፍል ሲሆን፣ የውጭውና የውስጡ ላሜራ ጠርዝ ላይ በብየዳ ተጣብቀዋል። ይህን ብየዳ ቆርጦ መተው ሁለቱን ላሜራዎች ስለሚለያይ ውሃና አቧራ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዝገትም ይጀምራል። በመሆኑም ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙን አጥፎ እንደገና መበየድ ያስፈልጋል።

ጠንቃቃ ባለሙያ ከመቁረጡ በፊት ይለካል። ሞላው ከወጣ በኋላ ጎማው በክሪክ እስከ መጨረሻው ከፍታ ይነሳል፤ መሪውም ከዳር እስከ ዳር ይጠመዘዛል። መኪናው ቆሞ የማይታየው ንክኪ የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። የሚነካው ቦታ ምልክት ይደረግበትና በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ ላሜራ ተመልሶ አይቀጠልምና። ከላሜራው ጀርባ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የፍሬን ቧንቧ ወይም የነዳጅ መሙያ ቱቦ አለመኖሩም አስቀድሞ ይረጋገጣል። በመጨረሻም ጠርዙ በሞረድ ይለሰልሳል፣ ፀረ-ዝገት ቀለም ይቀባል። ጎማው ከአካሉ ወጥቶ ድንጋይና ጭቃ እንዳይወረውርም ሰፋ ያለ የፓራፋንጎ ሽፋን ይገጠምለታል።

የአይስላንድ ልምድ

ይህ ሙያ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰባቸው አገሮች አንዷ አይስላንድ ናት። የአገሪቱ መካከለኛ ክፍል ሰው የማይኖርበት ደጋ ሲሆን፣ በግግር በረዶ፣ በእሳተ ገሞራ አሸዋና ድልድይ በሌላቸው ወንዞች የተሞላ ነው። በዚያ የሚያሽከረክሩ ሰዎች 38 እና 44 ኢንች ዲያሜትር ያላቸው ጎማዎችን ይጠቀማሉ። የጎማውን አየር እጅግ ዝቅ በማድረግም መኪናው በለስላሳ በረዶ ላይ ሳይሰምጥ እንዲንሳፈፍ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 በዚያች አገር የተጀመረው አርክቲክ ትራክስ የተሰኘ ድርጅት በዚህ ሥራ የታወቀ ሲሆን፣ እርሱ ያዘጋጃቸው የቶዮታ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቡድንን ይዘው ወደ ሰሜናዊው መግነጢሳዊ ዋልታ ተጉዘዋል። በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀሱት የአገሪቱ የነፍስ አድን ቡድኖችም እንደነዚህ ያሉ ተሽከርካሪዎችን ይገለገሉባቸዋል።

ከዚህ ልምድ የሚገኘው ትምህርት ፓራፋንጎ መቁረጥ ብቻውን የሚቆም ሥራ አለመሆኑ ነው። የጎማው መጠን ይህን ያህል ሲያድግ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ይቀየራል፣ አንዳንድ ጊዜም አክስሉ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ የፍጥነት መለኪያውም ይስተካከላል። የተለወጠው መኪና መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊትም ልዩ ምርመራ ይደረግለታል።

በዓይን የማይታየው ለውጥ

ወደ ቀደመው ምሳሌ ስንመለስ፣ አዲሱ ጎማ በአንድ ዙር ከቀድሞው 7 በመቶ የሚበልጥ መንገድ ይሄዳል። መለኪያው ግን የሚቆጥረው ዙሩን እንጂ መንገዱን አይደለም። ቀድሞ በትክክል ይሠራ የነበረ መለኪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ የመኪናው እውነተኛ ፍጥነት ወደ 86 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አሽከርካሪው ሳያውቀው ከተፈቀደው ፍጥነት ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ለመሥሪያ ቤቶች ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው የኪሎ ሜትር መዝገቡ ነው። መኪናው 1070 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው 1000 ብቻ ይሆናል። ነዳጁ በተመዘገበው ርቀት ሲካፈል ፍጆታው ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይታያል፤ ምንም ያላጠፋ አሽከርካሪም በነዳጅ ብክነት ሊጠረጠር ይችላል። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ የሚገባው የሞተር ዘይትም 5350 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ይለወጣል።

ፍሬኑም ከለውጡ አያመልጥም። የጎማው ዲያሜትር በ7 በመቶ ሲያድግ፣ በእኩል የእግር ግፊት መሬት ላይ የሚያርፈው የማቆም ኃይል በዚያው ገደማ ይቀንሳል። ትልቁ ጎማ የበለጠ ክብደት ያለው በመሆኑም ለማሽከርከርም ሆነ ለማቆም ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ሰው ጭኖ ረጅም ቁልቁለት ለሚወርድ የመስክ መኪና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ አገሮች የለውጡን ልክ በደንብ ወስነዋል። በአውስትራሊያ የቀላል ተሽከርካሪዎች ማሻሻያ ደንብ መሠረት ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠሩ መኪኖች ያለ መሐንዲስ ማረጋገጫ ሊገጥሙት የሚችሉት ጎማ አምራቹ ከፈቀደው ትልቁ ጎማ በዲያሜትር ከ50 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። አምራቹ ከ265/65R17 የሚበልጥ ጎማ ካልፈቀደ፣ በምሳሌያችን ያየነው 55 ሚሊ ሜትር ከዚህ ወሰን ያልፋል።

ከመፈረም በፊት

የተሽከርካሪ ለውጥ ጥያቄ የቀረበለት ኃላፊ ከመፍቀዱ በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሳቱ ተገቢ ነው። አምራቹ ለዚህ ሞዴል የፈቀደው ትልቁ ጎማ የትኛው ነው? ለውጡ በተሽከርካሪ ምርመራ ወቅት ተቀባይነት ይኖረዋል? መለኪያውን የሚያስተካክለው ማን ነው? ስኮርታ ጎማውስ በእኩል መጠን ይለወጣል? አራቱ ትልልቅ ሆነው ስኮርታው ትንሽ ከቀረ በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ዲፈረንሻሉንና የማስተላለፊያ ጥርሶቹን ሊጎዳ ይችላል።

ለብዙ የመስክ ሥራ መኪናው በመጣበት መጠን ለጭቃ የተሠራ ጥርሳም ጎማ መግጠም፣ የአየር ግፊቱን እንደ መንገዱ ማስተካከልና ጎታች ገመድ ይዞ መጓዝ በቂ ሊሆን ይችላል። ይህ ካልበቃና ትልቅ ጎማ አስፈላጊ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ሥራው ከፓራፋንጎው እስከ ፍሬኑ በተሟላ ሁኔታ ሊሠራ ይገባዋል። የመንግሥት ተሽከርካሪ የሕዝብ ንብረት ከመሆኑም በላይ በውስጡ ሰው ይጓዝበታልና።